ወንዞቹን ቁጠሩ፦ ከጅማ ወደ ቦንጋ በብስክሌት

ከጅማ እስከ ቦንጋ ያለው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። በመኪና ግማሽ ቀን አይሞላም፤ እንቅልፍ ከወሰዳችሁ ደግሞ የጎጀብን ወንዝ ሳታዩት ታልፋላችሁ። በብስክሌት ሁለት ቀን ይፈጃል። በእነዚያ ሁለት ቀናት የሚደርቀው ቡና ሽታ፣ የጉሬዛው ዝላይ፣ ከዋንዛ ጥላ ሥር ሆነው የሚመርቋችሁ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም ይደርሳችኋል። እኔ ይህን መንገድ ሦስት ጊዜ ሄጄበታለሁ። መጀመሪያ ስሄድ የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ ብዙውን ነገር በድካም ነው የተማርኩት። እዚህ የምጽፈው ያኔ ባውቀው ኖሮ የምለውን ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። እዚያ አገር መንገድ የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በወንዝ ነው። ወንዝ ካለ ቁልቁለት አለ፤ ቁልቁለት ካለ ከማዶ ዳገት አለ። ሜዳ ላይ 50 ኪሎ ሜትር የሦስት አራት ሰዓት ጉዳይ ነው። መሃሉ ላይ ጎጀብ ካለበት ግን ያው 50 ኪሎ ሜትር ቀናችሁን ሙሉ ይወስዳል። ስለዚህ ካርታ ስትከፍቱ መጀመሪያ ወንዞቹን ቁጠሩ። የት እንደምታድሩና ስንት ሰዓት እንደምትነሱ ከዚያ በኋላ ይወሰናል።

1. ወሩን ምረጡ

ደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ዝናብ የሚበዛበት ነው። አዲስ አበባ መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ያበቃል። ቦንጋ ባለችበት በካፋ ላይ ግን ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል። ደኑ እንዲያ ጥቅጥቅ ያለውም ለዚሁ ነው። ለብስክሌት የሚመቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው።

እኔ ጥርን እመርጣለሁ። የቡና ለቀማው ጋብ ብሏል፤ በየደጁ ቡናው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሰዉም እጁ ላይ ትንሽ ገንዘብ ስላለ ገበያው ይደምቃል። የጥምቀት ሰሞን ከሆነ ግን መኝታ ቀድማችሁ በስልክ ያዙ። ጥር ቢሆንም የዝናብ ልብስ አይቅር፤ ካፋ ያለ ወሩም ይዘንባል።

2. የመንገዱን ሰላም ጠይቁ

ይህን ደረጃ እንዳትዘሉት። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት ከሁለት ወገን ጠይቁ። አንዱ በዚያ መስመር የሚሠሩ ሾፌሮች ናቸው። በየቀኑ ስለሚመላለሱ ወሬው መጀመሪያ እነሱ ጋ ይደርሳል። ሁለተኛው ቦንጋ ያለው የካፋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ነው። ጅማ ስትደርሱ መናኸሪያው ጎራ ብላችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጣሩ። «ዛሬ አትሂዱ» ካሏችሁ አትሂዱ፤ ጅማ ተቀመጡና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎብኙ።

መታወቂያ በደረት ኪሳችሁ ይሁን። ኬላ ላይ ከሻንጣ ሥር መፈለግ ለእናንተም ለጠባቂውም አይመችም።

3. ብስክሌቱን አዘጋጁ

ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ማርሽ ያለው፣ ጎማው ሰፋ ያለ የተራራ ብስክሌት ይበቃል። ማርሽ የሌለው ፊኒክስ ለከተማ ጠንካራ ነው፤ ዕቃ ጭኖ የጎጀብን ዳገት ለመውጣት ግን ጉልበት ይጨርሳል።

የጎማው ስፋት ከ1.75 እስከ 2 ኢንች ቢሆን ጥሩ ነው። ካቴናው ዝጎ እንደሆነ ቀይሩት። በጣም የምለምናችሁ ግን የፍሬን ጎማዎቹን ነው፤ ካለቁ አዲስ አስገቡ፣ አንድ ጥንድ ትርፍም ያዙ። ለምን እንደሆነ ጎጀብ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ኮርቻውን ለራሳችሁ ቁመት አስተካክሉ። መለኪያው ቀላል ነው። ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች ያለው ፔዳል ላይ አድርጉ፤ እግራችሁ ቀጥ ካለ ልኩ ነው። ብዙ ሰው ዝቅ አድርጎ ይነዳና ማታ ጉልበቱን ያመዋል።

የምትይዙት መሣሪያ ይህን ያህል ነው፦ ሁለት ካላማዳሪያ፣ መለጠፊያ ከነማስቲሹ፣ የእጅ ፓምፕ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ለብሎኖቹ የሚሆኑ ቁልፎች፣ ጥቂት ሽቦ፣ በትንሽ ጠርሙስ ዘይት። ትርፍ ራጅ (የቸርኬ ሽቦ) ካገኛችሁም ሁለት ሦስት ያዙ። ጎሚስታ በየከተማው አለ። ግን አብዛኛው የሚያውቀው የባጃጅና የሞተር ጎማ ስለሆነ የእናንተ ልክ ካላማዳሪያ ላይኖረው ይችላል።

ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ዕቃውን ሁሉ ጭናችሁ አንድ ቀን ተለማመዱ። አዲስ አበባ ያለ ሰው እንጦጦን ቢሞክር ጥሩ ፈተና ነው። የሚላላ ብሎን ካለ እዚያው ይላላል።

4. ዕቃውን አሳንሱ

ከ15 ኪሎ አይብለጥ። ጀርባችሁ ላይ ምንም አትሸከሙ፤ ላቡም ድካሙም እጥፍ ይሆናል። ሁሉም ነገር ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ ይሁን፣ ከባዱ ታች፣ ቀላሉ ላይ።

የብስክሌት ቦርሳ ካጣችሁ ሁለት የ20 ሊትር ጀሪካን ውሰዱ። አፋቸውን ቁረጡና ግራና ቀኝ እሰሯቸው። ዝናብ አያስገቡም፣ ማታ ደግሞ ልብስ ማጠቢያ ይሆናሉ። ለማሰሪያ ከተቀደደ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ላስቲክን የሚያህል የለም፤ ይሳሳባል፣ አይንሸራተትም። ማንኛውም ጎሚስታ በትንሽ ብር ይሰጣችኋል።

ልብስ ሁለት ቅያሪ ይበቃል። ማታ ስለሚቀዘቅዝ አንድ ሹራብ ጨምሩ። ራስ ቁር ግዴታ ነው። የሚያበራ ቀለም ያለው ሰደርያም ልበሱ፤ አይሱዙና ሲኖትራክ ከኩርባ ድንገት ብቅ ሲሉ ከሩቅ ሊያዩአችሁ ይገባል።

የምግቡን ነገር አያቶቻችን ጨርሰውታል። ስንቅ ማለት በሶ ነው። ለአንድ ሰው ግማሽ ኪሎ በሶ፣ ትንሽ ጨውና ስኳር፣ ከላዩ ቆሎና ዳቦ ቆሎ። በሶ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ዳገት መሃል ጉልበት ሲከዳ በሃይላንድ በጥብጣችሁ ብትጠጡት ከሩብ ሰዓት በኋላ ትነሳላችሁ። ጅማ ገበያ ጭኮ ካገኛችሁ እሱንም ያዙ። ቅቤው ያጠግባል፣ ብዙ ቀንም ይቆያል።

5. ብስክሌቱን ጅማ አድርሱ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን በአውቶቡስ እንድትሄዱ እመክራለሁ። የመኪናው ብዛት ያደክማል፣ የጊቤ በረሃም አለ።

አውቶቡስ ጣራ ላይ ሲጫን ፔዳሎቹን ፍቱ። የግራው ፔዳል በተቃራኒው፣ ማለትም ወደ ቀኝ ሲዞር እንደሚፈታ አስታውሱ፤ ብዙ ሰው ሲታገለው ብሎኑን ይበላዋል። መሪውን አጣምሙት። የማርሽ መቀየሪያው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፣ በጨርቅም ጠቅልሉት። ጣራ ላይ ወጥታችሁ ራሳችሁ እሰሩት። አንድ ጊዜ ለረዳቱ ትቼው የፍየል ቅርጫት ተጭኖበት ቸርኬው ተጣሞ አገኘሁት። ጅማ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ለጥገና ሄደብኝ።

6. አንደኛ ቀን፦ ከጅማ ሸቤ

50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ቀደም ማለት ጭጋግ ላይ ይጥላችኋል፤ በጭጋግ ደግሞ ሾፌር አያያችሁም።

እስከ ሰቃ ያለው መንገድ ሰውነት ማሟሟቂያ ነው። ወጣ ገባ ይላል፤ ግራና ቀኝ በቆሎ፣ ባሕር ዛፍ፣ በጥላ ዛፍ ሥር የበቀለ ቡና ታያላችሁ። ትንንሾቹ ወንዞች የሚጀምሩት እዚህ ነው። እያንዳንዱ ድልድይ ከመድረሳችሁ በፊት ማርሹን አቅልሉት። ዳገቱ ከጀመረ በኋላ በኃይል እየረገጡ መቀየር ካቴና ይበጥሳል።

ዳገት ላይ ደንቡ አንድ ነው፤ እያወራችሁ መንዳት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ቀላል ማርሽ፣ ፈጣን እግር፣ ረጋ ያለ ትንፋሽ። መግፋትም ነውር አይደለም። ብስክሌቱን እየገፉ የሚሄዱ ሰዎች ከአካባቢው ገበሬ ጋር ጎን ለጎን እየሄዱ ይጨዋወታሉ፤ ከሁሉ የማስታውሳቸው ሰዎችም እንዲህ ያገኘኋቸው ናቸው።

ይህ የጅማ ዞን ስለሆነ ኦሮምኛ ሰላምታ ያዙ። «አከም ጅርቱ» (እንደምን አላችሁ) እና «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) መንገድ ይከፍታሉ። ልጆች ይሯሯጡባችኋል። ቀድማችሁ እጅ ከነሳችኋቸው አብዛኞቹ ዳገቱን በመግፋት ያግዟችኋል። ገንዘብም ከረሜላም አትበትኑ፤ ነገ ከኋላችሁ የሚመጣውን ብስክሌተኛ ታስቸግሩታላችሁ።

ሸቤ ስትደርሱ አልጋ ከመያዛችሁ በፊት ብስክሌቱን ክፍል ውስጥ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። አጎበሩ ቀዳዳ ካለው ሌላ ክፍል እዩ። ማታ ካቴናውን በጨርቅ ጥረጉት፣ ዘይት ጠብ አድርጉበት፣ ትርፉን መልሳችሁ ጥረጉ። ይህች የአምስት ደቂቃ ሥራ ለነገው ወንዝ ታስፈልጋለች።

7. ሁለተኛ ቀን፦ ጎጀብ

ጎጀብ የኦሞ ገባር ነው። በዚህ በኩል የጅማና የካፋ ዞኖች ወሰንም ነው። ከሸቤ በኋላ መንገዱ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። አየሩ እየሞቀ ሲመጣ፣ ደኑ ሲሳሳና ሳሩ ሲረዝም ቆላ መግባታችሁን ታውቃላችሁ።

ሁለት ነገር ላይ እንድትጠነቀቁ እፈልጋለሁ። አንደኛው ሰዓት ነው። ድልድዩን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ተሻገሩ። የመጀመሪያ ጊዜ ዘግይቼ ተነስቼ ዳገቱን የጀመርኩት በእኩለ ቀን ነበር። ሁለት ሃይላንድ ውሃዬ ግማሽ መንገድ ሳልደርስ አለቀ፤ ራሴን ሲያዞረኝ አንድ ጎጆ ጥላ ሥር ተኛሁ። የቤቱ እናት ውሃና ቆጮ ባይሰጡኝ ምን እንደምሆን አላውቅም። ስለዚህ እዚህ ላይ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ ይያዝ።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ከነዕቃችሁ ከባድ ናችሁ። ፍሬኑን ይዛችሁ አትውረዱ፤ ይግላል፣ ከዚያ አልይዝም ይላል። ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ። ሁለቱንም እኩል ተጠቀሙ። ኩርባ ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነቱን ጨርሳችሁ ቀንሱ፤ ከኩርባው ወዲያ ከብት ሊኖር ይችላል፣ አስፋልት ላይ የተሰጣ እህልም ሊኖር ይችላል። በየመሃሉ ቆማችሁ ቸርኬውን በእጃችሁ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ ፈትሹ። ሙቀቱ ከተሰማችሁ አሥር ደቂቃ ይብረድ።

ድልድዩ ላይ ቆሙ፣ ውሃውን እዩ፣ በሶአችሁን ብሉ። አትዋኙ ግን። ዝግ ብሎ በሚሄድ ውሃ ዳር ቢልሃርዝያ ሊኖር ይችላል፤ ጎጀብ ደግሞ ከላይ ሲያዩት እንደሚመስለው የዋህ አይደለም። የመጠጥ ውሃም ከወንዝ ከቀዳችሁ አፍሉት ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ከዚያ ዳገቱ። ብዙ መቶ ሜትር ወደ ላይ ነው። በየ20 ደቂቃው ቆሙ፤ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ብዙ ካላባችሁና እግራችሁን ቁርጠት ከያዘው በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ፓኬት ለምለም (ኦአርኤስ) በጥብጣችሁ ጠጡ፤ በየፋርማሲው ይገኛል። ወደ ጊምቦ ስትጠጉ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፣ ዛፉ ይረዝማል። ካፋ ገባችሁ ማለት ነው።

8. ጎማ ቢተነፍስ

እሾህ ብቻ አይምሰላችሁ። የትልልቅ መኪና ጎማ ሲፈነዳ አስፋልቱ ላይ ቀጫጭን ሽቦ ይበትናል፤ እኔን ብዙ ጊዜ የወጋኝ እሱ ነው።

ከመንገዱ ራቅ በሉ፣ ዕቃውን አውርዱ፣ ብስክሌቱን ገልብጡት። ጎማውን ከቸርኬው ለማላቀቅ የማንኪያ እጀታ ይሆናል፤ ካላማዳሪያውን እንዳይቆነጥጠው ቀስ በሉ። ካላማዳሪያውን ንፉና በውሃ ውስጥ አሳልፉት፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ነው ቀዳዳው። አድርቁት፣ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ ማስቲሹን በስሱ ቀቡ። ከዚያ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ በጣት ሲነካ እስካልደረቀ ድረስ መለጠፊያው አይይዝም፤ አምስት ደቂቃ ስጡት። ለጥፉና አጥብቃችሁ ተጫኑት።

ጎማውን ከመመለሳችሁ በፊት ውስጡን ዙሪያውን በጣታችሁ ዳብሱ። ሽቦው እዚያው ተሰክቶ ከቀረ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ትቆማላችሁ።

9. ቦንጋና ደኑ

ቦንጋ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። አንዱን ቀን እግራችሁ ይረፍ። የብሔራዊ ቡና ሙዚየም እዚህ ነው፤ ባርታ ፏፏቴም ከከተማው ሩቅ አይደለም።

ደኑ ተራ ደን አይደለም። የካፋ ባዮስፌር በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ስፋቱ ከ700,000 ሄክታር በላይ ነው። የዱር ቡና በራሱ በቅሎ የሚታይበት ቦታ ነው። ማንኪራ ላይ ሰዉ «የቡና እናት» የሚላት ዛፍ አለች። ጥብቅ የሆነው የደኑ ክፍል ውስጥ ያለ አስጎብኚ አትግቡ። ቱሪዝም መምሪያው አስጎብኚ ያገናኛችኋል፤ ክፍያውን እዚያው ተስማሙ።

አስጎብኚ መያዝ መንገድ ላለመሳት ብቻ አይደለም። እኛ «ጫካ» የምንለው ለእነሱ ባለቤት ያለው ነው። ያ የቡና ዛፍ የእገሌ ነው፣ ያ ኮረሪማ የእገሊት ነው፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ የእገሌ አባት የሰቀለው ነው። ስለዚህ ቡና አትቅጠፉ፣ ጥምዝም አትልቀሙ። ከገበያ ግዙ፤ የካፋ ማር ደግሞ ሳትቀምሱ አትመለሱ።

ቀፎ አጠገብ ጸጥ ብላችሁ እለፉ። ንብ ከተነሳባችሁ ብስክሌቱን ጣሉና ፊታችሁን ሸፍናችሁ ሩጡ፤ ቆሞ መከላከል አያዋጣም።

ብስክሌቱን ይዛችሁ መውጣት ከፈለጋችሁ የዉሽዉሽ ሻይ ልማትን እዩ። ወደ ሚዛን በሚወስደው አስፋልት ላይ ነው፤ ከ1,000 ሄክታር በላይ የሻይ ማሳ እንደ ምንጣፍ ኮረብታው ላይ ተዘርግቶ ከጀርባው ጥቁር ደን ቆሟል። ጠዋት ወጥታችሁ ከሰዓት ትመለሳላችሁ። ከአስፋልት ውጭ ባሉት የጥርጊያ መንገዶች ግን ከዘነበ አትሞክሩ። ቀዩ ጭቃ ጎማና ፍሬን መሃል ይጠቀጠቅና ብስክሌቱ አንድ ሜትር እንኳ አይገፋም።

ደን ውስጥ ድንኳን ተክላችሁ አትደሩ። አንበሳ በካፋ ደን መኖሩ የታወቀ ነው፤ ጅቡ ደግሞ በየቦታው ነው። ድንኳን ከያዛችሁ ቀበሌውን አስፈቅዳችሁ ሰው ግቢ ትከሉ። በየትኛውም ቀን ከ10 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትቆዩ።

10. ወባና መመለሻ

ጎጀብ የወባ አገር ነው። ቦንጋም ከወባ ነፃ ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ከሄዳችሁ ከሳምንት ጀምሮ፣ ቤታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላም ቢሆን፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ። ለሐኪሙም «ጎጀብ ነበርኩ» በሉት። አዲስ አበባ ላይ ትኩሳት ሲሉት ጉንፋን ሊመስለው ይችላል።

በዚያው መንገድ በብስክሌት መመለስ ይቻላል፤ ጎጀብ ግን ከዚህም በኩል ያው ጎጀብ ነው። ሰባት ስምንት ቀን ብቻ ካላችሁ በመኪና ተመለሱ። ከቦንጋ የሚወጡ መኪኖች ሌሊት ነው የሚነሱት። ስለዚህ ማታውኑ መናኸሪያ ሄዳችሁ ትኬት ቁረጡ፣ የብስክሌቱን የጭነት ዋጋም ከረዳቱ ጋር ያኔውኑ ጨርሱ። ጠዋት በጨለማ ላይ ዋጋው ይወደዳል። ጭቃውንም በዚያው ምሽት እጠቡት፤ የፍሬን ጎማ ሥር የደረቀ የካፋ አፈር ከሁለት ቀን በኋላ በካቻቢቴም አይለቅም።